ስም ያልተጻፈባቸው ዘጠኝ ወረቀቶች

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ነሐሴ 1999 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ደባርቅ በጉም ተውጣለች...

ያኔ የምኖረው በብዕሬ ነበር። ልብ ወለዴን የሚያሳትምልኝ ሳጣ፣ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ መሸጥ ጀመርኩ። "መጽሐፍ ገዢ ያጣል እንጂ ሞት ደንበኛ አያጣም" እያልኩ እቀልድ ነበር። አፌን በቆረጠው!

ባለቤቴ ደብሪቱ ወሯ ገብቷል፤ እጃችን ባዶ ነው። ሥራው እንዲፈጥንልኝ መግቢያና መዝጊያውን አስቀድሜ በየወረቀቱ እጽፍና የስሙን፣ የቀኑንና የሰዓቱን ቦታ ባዶ ትቼ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሰው ሲሞት መሙላት ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ሀብተ ሚካኤል የሚባል ገበሬ መጣ።

"አባቴ ዛሬን የሚያድሩ አይመስለኝም። ቀድመህ ጻፍልን።"

"በሕይወት ላለ ሰው?"

"ማን ያውቅብናል?"

ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሄድኩ።

ቤታቸው ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነው። ሽማግሌው አቶ ወልደ ሩፋኤል መደብ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ልጃቸው ቄስ ሊጠራ ወጣ፤ እኔ ጥግ ይዤ መጻፍ ጀመርኩ።

"በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ..."

"ሰማንያ አራት በለው።"

ብዕሬ ቆመ። ድምፅ አውጥቼ አላነበብኩም ነበር።

"ይ... ይቅር ይበሉኝ አባባ..."

"ግድ የለም ልጄ። የእኔን ጻፈው። ሌሎቹ ግን የማን ናቸው?"

"የትኞቹ?"

"ደብተርህ ውስጥ ያሉት... ዘጠኙ።"

ደብተሩን ከፍቼ ቆጠርኩ።

ዘጠኝ።

"የማንም አይደሉም" አልኩ በሹክሹክታ።

"አይሆንም..." ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። "ባዶ የተተወ ቦታ ባለቤቱን ይፈልጋል።"

ቄሱ ሲደርሱ ነፍሳቸው ወጥታ ነበር።

እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ምድጃው ፊት ተንበርክኬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ጨመርኳቸው።

ስድስት... ሰባት... ስምንት...

ዘጠነኛው የለም።

"ደብሪቱ!"

"እዚህ ነኝ።"

የጓዳውን መጋረጃ ገለጥኩ። ብዕር ይዛ ወረቀት ላይ አቀርቅራለች።

ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችም።

በስሙ ቦታ ላይ "ወይዘሮ ደብሪቱ" ይላል። ቀኑም የዚያው ቀን ነው፤ የሰዓቱ ቦታ ብቻ ገና ባዶ ነው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

ፈራሁ። አልመለስኩላትም። የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ ሰባበርኩት። ስመለስ ወረቀቱ ከእጇ ላይ የለም።

በማግስቱ ሴት ልጅ ተገላገለች። ምንም አታስታውስም። ወረቀቱን ግን ቤቱን ሁሉ ገልብጬ ፈልጌ አላገኘሁትም። ከዚያ ወዲህ ብዕር አልነካሁም፤ ቤታችን ሰዓት ገብቶ አያውቅም። ጉም በወረደ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ይኸው አሥር ዓመት አለፈ።

ትናንት ልጃችን እስከዳር ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ፣ ሽልማቷን ይዛ እየቦረቀች መጣች። እኔ ደጅ እንጨት እየፈለጥኩ ነበር። ጉሙ እንደ ወረደ ልብ አላልኩም።

ልጅቷ በአጠገቤ ሮጣ ወደ ጓዳ ገባች። እጇ ላይ አዲስ የእጅ ሰዓት አስራለች...

መጥረቢያውን ጥዬ ተከተልኳት። መጋረጃው ጋ ስደርስ የደብሪቱን ድምፅ ሰማሁ።

"ነይማ ልጄ... ስንት ሰዓት ሆነ?"