የግራው ክንፍ

የክንፍ መካኒኩ ሬሳ የተገኘው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ ከብረት መሰላል ሥር ነው። ሦስት ሺህ መንገደኛ የጫነችው መርከብ ከማዕበሉ ጋር ግብግብ ከገጠመች አምስት ሰዓት አልፏታል። ካፒቴኑ የጥበቃ ኃላፊዋን ሲያስጠራት ግን ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ መርከቧን ሳዞር ክፉኛ ተንገዳገደች» አለ። «ሰውዬው መሰላል ላይ ነበር፤ ወደቀ። ነገ ጠዋት ወደብ ስንደርስ የማስረክበው ሪፖርት ላይ ‹በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት› ብለው ይፈርሙልኝ።»

«ለምን?» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስ ምርመራ ያረጀች ሴት ናት። ሠራተኞቹ «እማማ ለምን» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ካፒቴኑ ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሷም መልስ ፍለጋ ወደ ታች ወረደች።

መርከቧ በማዕበል ጊዜ ከሆዷ ግራና ቀኝ የምትዘረጋቸው ሁለት የብረት ክንፎች አሏት። ውኃው ውስጥ ሆነው ወደ ጎን እንዳትወዛወዝ የሚይዟት እነሱ ናቸው። ላይ ቤት ያለው መንገደኛ መኖራቸውንም አያውቅም፤ ሾርባው ካልተደፋበት ምን ቸገረው። ሟቹ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረው እነሱን ሲጠብቅ ነበር።

ሬሳውን ያገኘው፣ ሁሉም «ዘይቴ» የሚለው የሞተር ዘይት ቀያሪ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በፈረቃ ነው የተጣላነው እማማ! ለፈረቃ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ተገደለ ያለህ ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ያ ሰው ‹ልንዞር ነው፣ ያዙ!› ተብሎ በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ መሰላል ላይ ይንጠላጠላል? መንገደኛ ነው እንዴ?»

መርማሪዋ ልጁ ያለውን በልቧ ይዛ ጎንበስ አለች። ከሟቹ ራስ የወጣው ደም ወደ ግራው ግድግዳ ቀጥኖ ፈሶ ደርቋል። ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ የኩሽኔታ ብይ አንስታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ብዩ ተንከባልሎ የቀኙን ግድግዳ መታ። መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደገና ወደ ቀኝ ሄደ። ቀና ስትል ከግድግዳው ላይ የትልቁ መፍቻ ቦታ ባዶ ነው፤ የግራው ክንፍ የዘይት ግፊት መለኪያም ዜሮ ላይ ተኝቷል። ብዩን ኪሷ ከተተችው።

ዋና መሐንዲሱ የሟቹን እህት ያገባ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቷል።

«አማቼ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሜ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አናገርከው?»

«አሥር ከአሥር ላይ፣ በስልክ። ‹ሁለቱም ክንፎች ደህና ናቸው› አለኝ። ይኸው፣ መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ስንዞርስ የት ነበርክ?»

«መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ከአራት ሰው ጋር። ይሄንንም እጄን ያን ጊዜ ነው በር የያዘኝ።»

ሚስቱ የመርከቧ ነርስ ናት። ክሊኒኩ በተጎዱ መንገደኞች ተጨናንቋል፤ እሷ እያለቀሰች የሰው ክንድ ታስራለች።

«ወንድሜ ዝርክርክ አልነበረም፣ እማማ። ‹በራሱ ጥፋት ነው የሞተው› ብዬ ነው ለእናታችን የምነግራት? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ከመዞራችን በፊት እዚህ ነበርሽ?»

«አዎ፣ ጭር ብሎ ነበር። ባሌ ብቻ ነው ለእጁ ብቅ ያለው። ከዞርን በኋላ ግን ይኸው እንደሚያዩት ነው፤ የአርባ ሰው እግርና እጅ።»

መርማሪዋ ኪሷ ውስጥ ያለውን ብይ ጨበጠች። ብዙ ክፉ ነገር ሰምታ ታውቃለች፤ እንዲህ ባለ የዋህ አፍ ግን አልነበረም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አራቱንም በመኮንኖቹ መመገቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ካፒቴን፣ ከመዞርዎ በፊት ነፋሱ ከየት ነበር?»

«ከቀኝ። አሥራ ሁለት ፎቅ ግድግዳ ነው የሚገፋው፤ ብትወዛወዝም ወደ ግራ አዘንብላ ነው የቆየችው። ከዞርኩ በኋላ ነፋሱ በግራ መጣ። ይኸው እስካሁን ወደ ቀኝ ነን።»

ብዩን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀችው። ወደ ቀኝ ተንከባልሎ ዘይቴ እጅ ውስጥ ገባ።

«የሟቹ ደም ግን ወደ ግራ ፈሷል» አለች። «ደም ሽቅብ አይፈስም። ሲፈስ ቁልቁሉ ግራ ነበር ማለት ነው። ስንዞር ገና እርጥብ ቢሆን ደግሞ ወደ ቀኝ በተመለሰ። ስለዚህ ቀድሞ ረግቷል፤ ሰውዬው የሞተው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። ካፒቴኑ ከጠዋት ጀምሮ ከመሪው አልተለየም። ዘይቴም እስክንዞር ከሁለት ሰው ጋር ሞተሩ ሥር ነበር፤ ጠይቄያለሁ። አንድ ሰው ግን አሥር ከአሥር ላይ ከሟቹ ጋር በስልክ አወራሁ ብሎ በእጁ ጽፏል። ሬሳ ስልክ አያነሳም።»

ማንም ወደ ዋና መሐንዲሱ ለመዞር አልደፈረም።

«የግራው ክንፍ አይሠራም። አንተ ግን ወደብ ላይ ‹ጤነኛ ነው› ብለህ ፈርመሃል፤ ወረቀቱን አይቻለሁ። አማችህ ለካፒቴኑ ሊናገር ነበር።»

«ብሰማ ኖሮ አላዞርም ነበር!» ካፒቴኑ ጠረጴዛውን መታ። «ፍጥነቴን ቀንሼ፣ አፍንጫዋን ለማዕበሉ ሰጥቼ እጠብቅ ነበር። አርባ ሰው ነው የተጎዳው!»

«እጄን የያዘኝ በር ነው» አለ መሐንዲሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ስንዞር...»

«አሥር ሰዓት ላይ ነው የመጣኸው» አለች ነርሷ።

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። ተነስታ ባሏ ፊት ቆመች።

«ሳንዞር ነው የመጣኸው። ሰባት ቦታ ሰፋሁህ። ‹ያመኛል› ስትለኝ እፍ አልኩልህ።»

«ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ለመንኩት» አለ ባሏ። «ወንድምሽ እንቢ አለ። ስልኩን አነሳ። መፍቻው እጄን ሲቀደኝ እንኳን አልታወቀኝም...»

«ቅድም ለእናቴ የምነግራት አጥቼ ነበር» አለች ወደ መርማሪዋ ዞራ። «አሁን አገኘሁ። ምነው ባላገኘሁት።»

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ሁሉ እውነትን ፈልጋ ስታገኝ ደስ ይላት ነበር። ያን ምሽት ግን አፈረች።

ካፒቴኑ ሪፖርቱ ላይ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ሰረዘው። ሁለት ጠባቂዎች መሐንዲሱን ሊወስዱት ሲያስነሱት ከፋሻው ደም ተንጠባጠበ። ሐኪሙ ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊት ዘንድ ነው፤ ሌላ የሚያክም ሰው የለም።

ነርሷ «አምጡት» አለች።

አሮጌውን ፋሻ ፈታች፣ ቁስሉን አጠበች፣ አዲሱን እንደ ሥራዋ አጥብቃ ጠቀለለች።

«ያመኛል» አላት።

እፍ አላለችለትም።