ድምፅ የማይሰማበት አዳራሽ

በሌላው ጫንቃ ላይ የተጫነ ሐሰት፣ የሚሰማው ቢታጣ እንኳ የሚያየው አያጣም።

የሽመና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደ ኪዳን ጨርቁን በሩ ላይ ወደ ብርሃን ዘረጉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሮጠ ክፍተት ታየ፤ ክር ተበጥሶ ሳይቋጠር ማሽኑ ሠርቷል።

«ሳይቋጥር ያስነሣው ማን ነው?»

ሰሎሜ ቀደመች። «እማማ ሀብትነሽ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ።»

ጸደንያ መሬት መሬቱን አየች። ሁለቱም ከቢቸና ወደዚህች የሞጣ ፋብሪካ ለተግባር ልምምድ የመጡ የሙያ ተማሪዎች ናቸው። ሰሎሜ ስልኳን ስትነካካ ክሩ መበጠሱን፣ ማሽኑንም እንዲያው ማስነሣቷን ጸደንያ በዓይኗ አይታለች። ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን በዚሁ አዳራሽ ያረጁ ሸማኔ ናቸው፤ ጆሯቸውን የማሽን ጩኸት ወስዶታል። ኃላፊው ከነገ ጀምሮ ከሽመና ተነሥተው ቁርጥራጭ ክር ወደሚለቀምበት መጋዘን እንዲሄዱ ወሰኑ።

ልጆቹ ወደ አዳራሹ ተመለሱ። በዚያ ጩኸት መካከል ሰው የሚግባባው በከንፈርና በእጅ ነው። ሰሎሜ ከማሽኑ ማዶ ሆና ያለ ድምፅ አፏን አንቀሳቀሰች፦ «እንዳታጋልጪኝ። ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ምን ይጎድልባቸዋል? ደግሞም አይሰሙም።»

በምሳ ሰዓት ወይዘሮ ሀብትነሽ ጸደንያን ከግንቡ ሥር አጠገባቸው አስቀምጠው ከያዙት ቆሎ አፈሱላት።

«ጓደኛሽ አፏ ፈጣን ነው» አሉ። «እኛም በዚያ ማሽን መካከል ስንቱን ሠርግ፣ ስንቱን ለቅሶ ተጨዋውተናል፤ ድምፅ ሳናወጣ።»

ቆሎው ጸደንያ እጅ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ? አይሰሙም ብላችሁ አለፋችሁኝ።»

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ሲነሡ ጸደንያ ኃላፊው ፊት ቆመች። ሰሎሜ ከማዶ ራሷን ነቀነቀችባት። ጸደንያ ያየችውን ሁሉ ተናገረች፤ ድምፅዋን ጩኸቱ ዋጠው። አቶ ወልደ ኪዳን ግን ወጣትነታቸውን በዚያው አዳራሽ ማሽን ዘይት ሲቀቡ ያሳለፉ ሰው ነበሩና ዓይናቸውን ከከንፈሯ አልነቀሉም። ሸማኔዎቹም አልነቀሉም።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወደ መጋዘን መሄዳቸው ቀርቶ ከማሽናቸው አልተነሡም። የሰሎሜ ልምምድ ተሰርዞ በማግስቱ ጠዋት በቢቸና አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ዓመቱንም እንድትደግም ተወሰነባት።