እውነተኛ ዓረፍተ ነገር

«ከባድ ሥራ ሁሉ ግሩሊንግ አይባልም» አሉ ቲቸር አለኸኝ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው እያራገፉ። የእንግሊዝኛው ቃል ሰውን ውሎ እያደረ ለሚያለፋ፣ አቅሙን አሟጥጦ ለሚጨርስ ነገር ነው ብለው አስረዱ። ከዚያም ሁሉም ከራሱ ኑሮ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ አዘዙ፤ የሳምንቱ ፈተና ላይ ይመጣል።

ምስክር የተባለው ተማሪ ማንም ሳይቀድመው ተነሣና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ግሩሊንግ ነው ሲል ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። ቲቸርም ሣቃቸው አመለጣቸው።

እድላዊት አልሣቀችም። አጠገቧ ያለው የፍቅርአዲስ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው። ሁለቱ ከገጠር መጥተው መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። ስንቅ ከየቤታቸው ይላክላቸዋል፤ የመጣውን ያንቺ የኔ ሳይሉ አብረው ይበላሉ። ዘንድሮ ግን የነፍቅርአዲስን ገብስ ውርጭ መታው፤ ስንቁም ቀረ።

«የሰው ስንቅ ቁጭ ብዬ አልበላም» አለች ፍቅርአዲስ። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ሄዳ ድንጋይ መሸከም ጀመረች። ያንን የሚያህል ድንጋይ በዚያ ቀጭን ትከሻ፤ የሚያያት ሰው ሁሉ እንዴት እንደሚያስችለው እንጃ። ማታ ስትገባ ትከሻዋ ተልጦ፣ ጣቶቿ ቁራሽ መያዝ እያቃታቸው ነው። እናቷ ከሰማች ትምህርቱ ይቅርብሽ ብላ እንዳትወስዳት ፈርታ፣ ለሚጠይቅ ሁሉ ታማለች እንድትል እድላዊትን በገብርኤል አስምላታለች።

«እድላዊት፣ ያንቺስ?»

ዓረፍተ ነገሩ አፏ ላይ ነበር። እዚህ ብትናገረው ልጆቹ ይቀባበሉትና ገበያ ሳይቀር ተሰምቶ ለፍቅርአዲስ እናት ይደርሳል። እናም በክረምት ጭቃ ከአገር ቤት በእግር መምጣት ግሩሊንግ ነው አለች። ቲቸር «ጎበዝ» አሏት፤ ቀጥለውም ጓደኛዋ ተሽሏት እንደሆነ ጠየቁ።

«ገና ናት።»

ትናንት ማታ ፍቅርአዲስ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ሳታነብ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። እድላዊት ልትደግፋት ጀርባዋን ስትነካት በእንቅልፍ ልቧ አቃሰተች። ጠዋት ግን ቀድማ ወጥታ ሄዳለች።

ደወል ሲደወል ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። እድላዊትም እስከ በሩ ድረስ ሄደች። ገብርኤል ይቅር ይላት ይሆናል፤ ፍቅርአዲስ ግን ይቅር የምትላት አልመሰላትም። ምናልባትም ከዛሬ ማታ ጀምሮ አታናግራት ይሆናል።

የመጨረሻው ልጅ እስኪወጣ ቆማ ጠበቀችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ቲቸር» አለች፣ «ፍቅርአዲስ አልታመመችም።»