ከፊቷ ሥር የተነጠፈው ጆንያ

ቀራጺው ከራሱ ሐውልት ሥር ተገኘ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወርክሾፑን ያናወጠ ድምፅ ተሰማ፤ ዘበኛው ሮጦ ሲገባ ከእብነ በረዱ ሥር የሚታዩት ሁለት ጫማዎች ብቻ ነበሩ። ሐውልቷ ከሰው ቁመት የምትበልጥ የቆመች ሴት ናት። በደረቷና በሆዷ ሰውየውን ተጭናው፣ ራሷ ግን እሱን አልፎ ወለሉ ላይ አርፏል።

መርማሪዋ ስትደርስ ከግድግዳው ርቆ የቆመ ሰው አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ሌሎች አራት ሐውልቶች ተገትረዋል። ሠራተኞቹ ስንት ዓመት በመካከላቸው ሲሽሎከሎኩ እንዳልኖሩ፣ አሁን በጎን እያዩዋቸው ይንቀጠቀጣሉ። እውነቱን ለመናገር መርማሪዋም ፈርታለች። አጭር ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከራሷ በላይ የተገተረ ከባድ ነገር አትወድም። ፍርሃቷን የምታባርረው በከረሜላ ስለሆነ አንዱን ፈታ ጎረሰች።

«ገዳዩ ተይዟል፣» አለ ወጣቱ ፖሊስ ኮራ ብሎ። «ትናንት ተጣልተው፣ ‹አንድ ቀን ይሄ ድንጋይ ይበላሃል› ብሎታል። ደግሞ ክንዱን ይዩት!»

ክንዱስ ያስፈራል። ጠራቢው ነው፤ በሬው ይሉታል። ካቴናው አልገጥም ብሎት በገመድ ታስሯል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከሐውልቷ መቆሚያ ሥር የወጣውን የእንጨት ሽብልቅ አነሳች። አዲስ የተጠረበ ነው፤ አንዱ ጎኑ ላይ ነጭ ነገር ይዟል። እፍ አለችበት። አልበነነም። በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ቅርፊት ተነሳ። በመሀረብ ጠቀለለችው።

ከዚያ ወደ ሐውልቷ ራስ ሄደች። ፊቷ ጭረት እንኳ አልነካውም፤ ከሥሩ ጭድ የታጨቀ ጆንያ ተነጥፏል። ግንባሯ፣ ጉንጮቿና አገጯ ላይ ግን በቀይ እርሳስ የመስቀል ምልክት ተደርጓል። ጥግ ላይ የቆመውን የጀሶ ሞዴል አየች። የጀሶዋ ሴት ፊቷ ሞላላ ነው። የእብነ በረዷ ክብ ነው፤ በግራ ጉንጯ ላይም ስርጉድ አላት።

በሬውን አስቀርባ ጠየቀችው።

«ሽብልቁን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ፤ ትናንት ልንወጣ ስንል። ጀርባዋን ለመወልወል እንዲያመች ወደ ፊት ዘንበል አድርገን በሱ ነው ያስደገፍናት። ሽብልቁ ከወጣ አለቀ። እሱን ደግሞ እዚህ የማያውቅ የለም።»

«ስትወድቅ የት ነበርክ?»

«ግቢ ውስጥ፣ ብቻዬን ድንጋይ ስጭን። ከጓሮ የመሮ መሳያው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ እስክትወድቅ አላቋረጠም። ጨራሹ ጠዋት ጠዋት መሮ ይስላል።» የታሰሩ እጆቹን አነሳ። «አፌ ነው፣ የኔ እመቤት! እጄ ምንም አላደረገም። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀን እየቆጠረች ነው። ልጄን ሳላይ አይውሰዱኝ።»

የቤቱ አሠራር ቀላል ነው። ቀራጺው በሸክላ ያበጃል፣ በጀሶ ይገለብጣል። በሬው ድንጋዩን ይፈነክታል። እጀ ወርቅ የሚባለው ጨራሽ፣ ባለ ሦስት እግር መለኪያውን ይዞ ነጥብ በነጥብ እየለካ መልኩን ያወጣል። የጨራሹ ሚስት በውሃና በድንጋይ እያሸች ትወለውላለች። አራት ሰው የሚደክምበት ሐውልት ላይ የሚጻፈው የአንዱ ስም ነው።

«አባባ፣» አለችው ጨራሹን፣ «ፊቷ ከጀሶው ለምን ተለየ?»

«እብነ በረድ አንዳንዴ የራሱን መንገድ ይሄዳል።»

«በመለኪያ የሚሠራ ድንጋይ?»

ሽማግሌው ወለሉን አየ። «ትናንት እሱም ለክቶ ደረሰበት። ዛሬ ፊቷን ቆርጬ አስተካክላለሁ ብሎ ምልክት አደረገባት።»

ሚስቱ ሽርጧን ጨብጣ ቆማለች።

«እህቴ፣ አንቺስ ሥራ ጀምረሽ ነበር?»

«ኧረ ገና ነኝ። ዛሬ ውሃ በእጄ አልነካሁም።»

መርማሪዋ ከረሜላ ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ለምስጋና ያህል ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ በግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ወጣ።

«ልጅ አላችሁ?»

«አንዲት ነበረችን።»

«ፎቶዋ አለሽ?»

«ምንም የለን። ቤታችን ሲቃጠል ከሷ ጋር ሄደ።»

መርማሪዋ ሁሉንም በወደቀችው ሐውልት ዙሪያ ሰበሰበች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፣» አለች። «ከጆንያው ልጀምር። ድንጋይ ሲጋደም ፊቱ እንዳይሰበር ጆንያ ይነጠፍለታል፤ የዚህ ቤት ልማድ ነው። ገዳዩ ሰው ሊገድል ሲል እንኳ ፊቷ እንዲሰበር አልጨከነም።»

«በሬውም ልማዱን ያውቃል፣» አለ ፖሊሱ።

«ያውቃል። ግን ይህ ፊት ለሱ ምኑ ነው? እጀ ወርቅ ጀሶውን ትቶ የሞተች ልጁን ነው የቀረጸው። ዛሬ ልትቆረጥ ነበር።»

«እኔ ነኝ!» ሽማግሌው ሁለት እጁን ዘረጋ። «እኔ ገደልኩት። በሬውን ፍቱት።»

«እስክትወድቅ ድረስ መሳያው ሲሰማ ነበር፤ ለብቻው ደግሞ መሮ አይስልም፣ አባባ።»

ወደ በሬው ዞራ እጅጌውን እፍ አለችው፤ አቧራው በነነ። ሽብልቁን አውጥታ እፍ አለችው፤ አልበነነም።

«የጠራቢና የጨራሽ እጅ ላይ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው። ይህኛው በውሃ የተለወሰ ነው፣ ሲደርቅ ይጣበቃል። ሽብልቁ የገባው ደግሞ ትናንት ማምሻውን ነው፤ እርጥብ እጅ የነካው ዛሬ ጠዋት ነው ማለት ነው። እህቴ፣ ‹ውሃ አልነካሁም› ያልሽኝ ስለ ምን ነበር? ጥፍርሽ ሥር ያለውን እስኪ አሳዪኝ።»

ሴትዮዋ እጆቿን ደበቀች። ከዚያ መደበቁ ደከማት።

«ሁልጊዜ ቀድሜያችሁ እመጣለሁ፣» አለች። «ፊቷን እያሸሁ አወራታለሁ። ዛሬ እሱ መጣና ‹ዞር በይ፣ ይቆረጣል› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አልሰማኝም፤ እታች ተንበርክኮ ከእግሯ ጀምሮ መለካቱን ቀጠለ። ጆንያውን ሳነጥፍ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ሽብልቁ ላልቷል፣ ላጥብቀው?› አልኩት። ‹አጥብቂው› አለኝ።»

በመርማሪዋ እጅ ወዳለው ሽብልቅ ጠቆመች።

«ነቀነቅሁት፤ አልወጣ ሲለኝ በመዶሻ መታሁት። ፈራሁ። ዳግመኛ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ።» ወደ በሬው ዞረች። «ላንተም ፈርቼ ነበር፣ ወንድሜ። ለሷ ግን ባሰብኝ።»

ገመዱ ሲፈታለት በሬው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ፖሊሱ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ፤ ሴትዮዋ ግን ዓይኗን ከመርማሪዋ አልነቀለችም።

«አሁን ሌላ ቀራጺ መጥቶ ይቆርጣታል?»

መርማሪዋ ቀዮቹን ምልክቶች ለረጅም ጊዜ አየች። ከረሜላዋ ካለቀ ቆይቷል።

«ማስረጃ ናት፣» አለች። «ማስረጃን በመሮ የሚነካ ሰው እኔው ራሴ አስረዋለሁ።»

ሴትዮዋ እጆቿን በሽርጧ አደራረቀችና ለካቴናው ዘረጋቻቸው።