ሰባት ሰከንድ ከዳር እስከ ዳር

አዳራሹ ውስጥ ከሽንኩርት በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። እንደዚያ ነበር የተነገረው።

ድንች ካሜራውን መቆሚያው ላይ አጠበቀ። ድንች የምስጢር ስሙ ነው። ማን እንዳወጣለት አያውቅም፤ አልከፋውምም። ለስብሰባው አዘጋጆች ካሜራማኑ ነው፣ በቃ። በቀኝ ግድግዳ በኩል የድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ የተቀመጠችው ሽንኩርት ለጎረቤት ሚስቱ ናት። ሦስት ዓመት አንድ ቤት ኖረዋል፤ እሷ አልጋው ላይ፣ እሱ ሶፋው ላይ።

ጆሮው ውስጥ የተሸጎጠችው ማዳመጫ ተንኮሻኮሸች። አለቃቸው ነው፣ አጎቴ የሚሉት። ውጭ መኪና ውስጥ ነኝ ብሏል።

«ተቀባዩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ግራጫ ኮት።»

«አየሁት።»

«ሰጪው ከኋላ ይመጣል። ስነግርህ ከግራ ወደ ቀኝ አሻግር። በሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም እየቀረጽክ፣ በሁለት ሰከንድ። ከዘገየህ ይነቁብሃል።»

«እሺ።»

የሚሰጠው የአሥራ ሁለት ሰላዮች ስም ዝርዝር ነው። የእሱም የእሷም ስም አለበት። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ሸጧቸዋል። ዝርዝሩ የተቆለፈ ነው፤ የመክፈቻው ቁጥር ነገ ይሰጣል። ዛሬ የከሃዲው ፊት ካልተቀረጸ ነገ አንድ በአንድ ይለቀማሉ።

እሺ ካለ በኋላ ነው የገባው።

ሁለት ሰከንድ?

ካሜራ ማዞር ያስተማረው ራሱ አጎቴ ነው። ድሮ ካሜራማን ነበር። አንድ ወር ሙሉ ጣሪያ ላይ አቁሞ መንገደኛ አስቀርጾታል። «በሃያ አራት ፍሬም ከሆነ፣ አንድ ነገር ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ሲሻገር ሰባት ሰከንድ ይፍጅበት» ይለው ነበር። ከዚያ ከፈጠነ አንዱ ምስል ከሌላው ይራራቃል፣ ዓይን ክፍተቱን ያያል፣ ሁሉም ነገር ይንገጫገጫል። ፊትማ እንዳልደረቀ ቀለም ይዝረከረካል። በስድስት ሰከንድ ስለጨረሰ አርባ ጊዜ አስደግሞታል።

ይህ ሰው ተሳስቶ እንኳ ሁለት ሰከንድ አይልም። ቀረጻውን ያዘዘው ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ሊያስቀረው አይችልም። ሊያበላሸው ግን ይችላል።

ድንች አልደነገጠም። መደንገጥ ከተወ ቆይቷል። ጣቱ ብቻ ሠራ። ፍሬሙን በሰከንድ ወደ ስልሳ ምስል አደረገው። የካሜራውን መዝጊያ አፈጠነው፣ እያንዳንዱ ምስል ጥርት እንዲል። በስልሳ ምስሎቹ ስለሚቀራረቡ አራት ሰከንድ ይበቃዋል።

«አሁን» አለ አጎቴ።

መያዣውን ገፋው። ግራጫው ኮት ገባ። ከኋላው ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጎንበስ ብሎ የፕሮግራም ወረቀት አቀበለው። የባለባርኔጣው ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ፍጠን» አለ ጆሮው ውስጥ ያለው ድምፅ።

ከንፈሩና ድምፁ እኩል ነበሩ።

ካሜራው ረድፉን ጨርሶ ግድግዳው ጋ ደረሰና ሽንኩርት ላይ ቆመ። እያየችው ነበር።

«ምን አዘገየህ?»

«መቆሚያው ያዘኝ።»

«ካሜራውን ይዘህ በዋናው በር ና። እጠብቅሃለሁ።»

ድንች ምስሉ ያለበትን ካርድ ከካሜራው አውጥቶ ኪሱ ከተተና ካሜራውን በቦርሳው ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደ። በእሷም ጆሮ ማዳመጫ ስላለ ሁሉንም ሰምታለች። አጎቴ እንዳይሰማቸው ሁለቱም ማዳመጫቸውን አጠፉ።

«ሰጪው አጎቴ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ፊቱ ይታያል?»

«ይታያል።»

ቦርሳውን ከትከሻው ላይ አወረደችው። «ሁለታችንም ከጠፋን በሮቹን ያዘጋል። እኔ ካሜራውን ይዤ በዋናው እወጣለሁ። እስኪፈትሹኝ አንተ በወጥ ቤቱ ውጣ።»

«እኔ ልሂድ በዋናው።»

«ደግሞ ባልሽ ነኝ ብለህ አትከራከረኝ» አለችና ተነሣች።

በወጥ ቤቱ ወጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ካርዱ ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰና አጎቴን ከሰዓት በኋላ ያዙት። ዝርዝሩ ሳይከፈት ቀረ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ተረፉ። የሽንኩርትን ሬሳ ከአዳራሹ ጀርባ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አገኙት።

በማግስቱ የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ፊልሙን አጎቴ ፊት ላይ አቆመችው። «ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል» አለች። ከዚያ ለቀቀችው። ካሜራው ሳይንገጫገጭ ተሻግሮ ሽንኩርት ላይ አረፈ። አንድ ሰከንድ፤ ስልሳ ምስል።

«ይህ ለመዝገቡ አያስፈልግም። ልሰርዘው?»

ሌላ ፎቶዋ የለውም። ሰላዮች እርስ በርስ ፎቶ አይነሡም። ይወዳት ነበር፤ አልነገራትም።

«ሰርዢው» አለ።

በሳምንቱ ሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጠረ። ባለሱቁ ወሬኛ ቢጤ ነው።

«ሚስት አለህ?»

«ነበረችኝ።»

አዲሱ መታወቂያው ያላገባ ነው የሚለው። በሥራው ዘመን ከአፉ ያመለጠው የመጀመሪያው እውነት ይህ መልስ ነበር። ባለሱቁ ልብ አላለውም። ነጩን ቀለም ከላይኛው መደርደሪያ እንዲያወርድለት ነገረው፤ እሱም መሰላሉን አቁሞ ወጣበት።