ጦርነቱ አርብ ይጀመራል

በ1969 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ ፊት ሦስት ልጆች ቆመው ነበር፦ አርብ አርብ የሚወጣውን ተከታታይ ታሪክ የምትጽፈው የስድስተኛ ክፍሏ ብርሀንነሽ፣ ሥዕሉን የሚሥለው ጀብሪልና የጋዜጣው ክበብ አለቃ ፈንታው።

«ነገ መዋጋት አለባቸው» አለ ፈንታው። «ከጥር ጀምሮ ሲዛዛቱ ከረሙ እኮ! ጦርነት የሌለው የጠፈር ታሪክ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው።»

ታሪኩ የሁለት ዓለማት ነው። ኤልጋና ሞራን ውሃ ባላት በአንዲት ጨረቃ ይጣላሉ። ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሳይቀር «እኛ ኤልጋ!» «እኛ ሞራን!» ይባባላል። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቀው ብርሀንነሽ፣ አርብ አርብ ተማሪው ሰሌዳው ፊት ሲጋፋ ከኋላ ሆና ስታይ ደስታዋን የምትደብቅበት ታጣ ነበር።

«ትንሽ ግጭት ባደርገውስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ትንሽ አለው? ሁለቱም ዓለም ይንደድ! ካልሆነልሽ ቦታውን ለሌላው ጸሐፊ ለመለሰ እሰጠዋለሁ። እሱ እንደሆነ አንድ አያስቀርም።» ፈንታው እየሳቀ ሄደ።

ጀብሪል አልሳቀም። የሞራኑን መንኮራኩር ነጂ የሣለው የታላቅ ወንድሙን የሙሄን መልክ ሰጥቶ ነው፤ ፍንጭቱ ሳይቀር። ሙሄ በሚያዝያ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ በጉሊቱ በኩል አለፉ። የጀብሪል እናት እትዬ ሀጀራ ሽንኩርትና ጨው ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ነይማ የኔ አበባ» አሉ ብርሀንነሽን። «ያ በሰማይ ያለው ልጄ ደህና ነው?»

ብርሀንነሽ ደነገጠች። ጀብሪል ታሪኩን በየሳምንቱ ለእናቱ እንደሚያወራላቸው አታውቅም ነበር።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ፈጠራ ነው።»

«ይሁና። ፋል ከየትም ይወጣል። ሬዲዮው እንደሆነ ጀግኖቻችን ይላል እንጂ ሙሄ ብሎ አይጠራልኝ። ባለፈው ጁምዓ ጀብሪል ‹ጨረቃዋን ዞሮ በሰላም ገባ› ሲለኝ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ እህል ቀመስኩ።» ከሽንኩርቱ አንድ ራስ መርጠው እጇ ላይ አኖሩላት። «ለእናትሽ ውሰጂላት። ነገም በደግ አውሪልኝ።»

ጉሊቱን እንዳለፉ ብርሀንነሽ ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?»

«አላዋጋቸውም። በቃ።»

«አይሆንም!» የጀብሪል ድምፅ ሻከረ። «ይዋጉ። ካልተዋጉ አያልቅም። ካላለቀ አይመለስም።»



ቤቷ ደርሳ፣ ብርሃን ሳይጠፋ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ጦርነቱን ጻፈችው። ዓለማቱ ነደዱ። የሞራኑን ነጂ ግን ከእሳቱ መሀል አውጥታ አተረፈችው። መልሳ አነበበችው። ያ ሁሉ ሰው አልቆ እሱ ብቻ ለምን? ፈንታው እንኳ «ይሄማ የሕፃን ተረት ነው» ይላል። እትዬ ሀጀራ ግን ያምናሉ። ሙሄን ራሱን ያተረፈችላቸው ይመስላቸዋል። «ነጂው ሞተ» ብላ ደግሞ ጀመረች። አልጨረሰችውም። ወረቀቱን ቀደደችው።

የረሀቡ ክፉ ቀን ትዝ አላት። ያኔ እሷና ቤተሰቧ ገጠር ነበሩ። ሰው እህል አጥቶ ሲሰደድ፣ ከብት እንዳይገባበት በሩን በእሾህ ይዘጋ ነበር። እሾሁን ያየ «እነ እገሌም ወጡ» ይላል። የት እንደ ደረሱ ግን እዚያ በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ አልነበረም።

ሌላ ወረቀት አወጣች። የሞራን መንኮራኩሮች ተነሥተው ደመናው ውስጥ ጠፉ። ከዚያ በኋላ የጻፈችው ሁሉ ምድር ላይ ስለ ቀሩት ነው፦ አጫጅ አጥቶ ስለሚረግፍ ገብስ፣ ሰማይ ሰማይ ስለሚያዩ እናቶች፣ በእሾህ ስለተዘጉ በሮች። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

አርብ ጠዋት ጀብሪል አነበበው።  ከጽሑፉ ሥር አንድ በር ሣለና እሾሁን ደረበበት።

በዕረፍት ሰዓት ፈንታው ለተሰበሰበው ተማሪ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀምሮ መሀል ላይ ቆመ።

«ጦርነቱ የታለ?»

«ሄደዋል» አለች ብርሀንነሽ። ሁሉም ዞረው አዩአት። «ከዚህ አይታይም።»

«አቦ፣ ፋራ!» አለ አንዱ። ሳቁና ተበተኑ።

ከትምህርት በኋላ በሌላ መንገድ መሄድ ትችል ነበር። በጉሊቱ በኩል ሄደች።

«እህሳ?» አሉ እትዬ ሀጀራ ገና ከሩቅ።

«ሄዷል፣ እትዬ። የት እንደ ደረሰ እኔም አላውቅም።»

 ሴትዮዋ የጨውን ቁና ወደ ጎን ገፍተው ቦታ ለቀቁላት። ተቀመጠች።

በሚቀጥለው አርብ ጋዜጣው ላይ ያለው ቦታ ለመለሰ ተሰጠ። በመለሰ ጦርነት ሞራን አሸነፈ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት እስኪዘጋ ድረስ ከሙሄ ወሬ አልመጣም።