የተዘበራረቁት ፊደላት

ዶክተር አረጋሽ በምርምር ማዕከሉ የመድኃኒት ማቆያ ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያው ሥር በጎኗ ወድቃ ተገኘች። ቁስል አልነበረባትም፤ ኪሷ ውስጥ የክፍሉ ቁልፍ ነበር። ኢንስፔክተር ዙለይካ ከካርቶኖቹ ጀርባ ትልቅ የፎም ሣጥን ጎትታ አወጣች። ክዳኑ ተነሥቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። የአዳማ ፀሐይ ግድግዳውን አግሎታል።

«ምን ነበረበት?»

«በረዶ» አለ ዕቃ ጠባቂው ሱሩር። «ትናንት የመድኃኒቱን ሙከራ የሚመሩት ፕሮፌሰር ዲበኩሉ አሸክመውኝ እዚህ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ቆልፌ ቁልፉን መለስኩላቸው።»

«አብሬው ነበርኩ» አለች የሟቿ ባልደረባ ዱሬቲ።

ዙለይካ ወለሉን ዳበሰችው። ጠብታ ውኃ የለም።

«ደረቅ በረዶ ነው» አለች ዱሬቲ። «አይቀልጥም፤ ጋዝ ይሆናል። በተዘጋ ክፍል ሰው ያፍናል።»

ፕሮፌሰሩ በቢሯቸው ረጋ ብለው ጠበቋት። «አደጋ ነው፣ ልጄ። መብራት ስለሚጠፋ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ብዬ ያስመጣሁት ነው። ሱሩር ክዳኑን ከፍቶት ይሆናል። አረጋሽ የአዲሱ መድኃኒት ሙከራ ይቁም ስትል ከሱሩር ጋር ተጣልተዋል፤ የሱሩር ሴት ልጅ መርፌውን ከሚጠብቁት ሕፃናት አንዷ ናት።»

ሱሩር ሲጠየቅ አልካደም። «ተቆጥቻታለሁ። ልጄ ዋፊቃ እግሯ እየከዳት ነው።»

ዙለይካ ዱሬቲን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት። «መድኃኒቱ ምንድን ነው? ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«በሽታው የሚመጣው ዘረ መል ከሚልከው የተበላሸ መልእክት ነው። ፊደሎቹ ከዚያ መልእክት ጋር የሚገጥሙ አጭር የዘረ መል ክር እንሠራለን፤ ይለጠፍበትና ዝም ያሰኘዋል። ለማመሳከሪያ ደግሞ ፊደሎቹ የተዘበራረቁ ሌላ ክር እንሠራለን። እሱ ምንም ማድረግ የለበትም።»

«አደረገ?»

ዱሬቲ ድምጿን ቀነሰች። «አረጋሽ በአይጦች ላይ ሞከረችው። የተዘበራረቀውም እኩል ሠራ። ይህም ማለት ሁለቱም መልእክቱን ዝም እያሰኙ ሳይሆን ሴሎቹን እየመረዙ ነበር። ትናንት ለፕሮፌሰሩ ነገረቻቸው። ማታ ስንወጣ መድኃኒቱን አምጪልኝ ብለው ወደ ክፍሉ ላኳት።»

«ያለ በረዶስ ይበላሻል?»

«ደረቅ ዱቄት ነው። የመጣው በተራ ፖስታ ነው፤ በዚህ ሙቀት እንኳ ለሳምንታት ይቆያል።»

ዙለይካ ሦስቱንም በማቆያው በር ላይ ሰበሰበች።

«ፕሮፌሰር፣ ይህ ዱቄት በረዶ እንደማያስፈልገው ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ብልቃጦቹም አሁን እንኳ መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ አንዱም ወደ ሣጥኑ አልገባም። ስለዚህ በረዶው ለመድኃኒቱ አልመጣም። ሱሩር ሣጥኑን በሩ ሥር ትቶ ቁልፉን መለሰልዎ፤ እኔ ያገኘሁት ከካርቶን ጀርባ ተደብቆ ነው። ክፍሉ ያለው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ሌላው በሟቿ ኪስ ነበር። ያፈናትን ነገር እሷ ራሷ አትደብቀውም። ሣጥኑን ከፍተው የደበቁት፣ ከዚያም የላኳት እርስዎ ነዎት።»

«ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ጥቂት ጊዜ ስጪኝ፣ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለመንኳት። እንቢ አለች።»

ፖሊሶቹ ሲወስዷቸው ሱሩር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«እንግዲህ የዋፊቃ መርፌ…»

«አይሰጣትም» አለች ዱሬቲ። «አረጋሽ አተረፈቻት።»

«ከመርፌው ተረፈች። ከበሽታውስ?»

ዱሬቲ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሰኞ መርፌውን ተወግተሽ ትድኛለሽ ብያታለሁ» አለ።